ከኩስኮ በፊት ሸለቆው ይቅደም

ጥያቄ፦ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ። በነሐሴ የኢንካ ሕዝብ የጥንት ከተማ የሆነችውን ማቹ ፒቹን ለማየት ወደ ፔሩ እሄዳለሁ፤ ያለኝ አምስት ቀን ነው። የደጋ ልጅ ስለሆንኩ ከፍታው የሚያስቸግረኝ አይመስለኝም። ቀኖቹን እንዴት ልደልድላቸው?

መልስ፦ ሰውነት ደጋ ላይ የለመደው ቆላ ሲከርሙ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ ስለዚህ በልጅነትዎ አይተማመኑ። ደግሞም ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ስትሆን የማቹ ፒቹ ጉዞ መነሻ የሆነችው ከተማ ኩስኮ 3,400 ሜትር ላይ ናት፤ ከሊማ ተነስተው ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ በረራ ነው የሚደርሱባት። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ ካረፉ ከሰዓታት በኋላ፣ ማታውን ነው የሚመጣው። ብዙዎች የመጀመሪያዋን ሌሊት ኩስኮ እያደሩ ነው ጉዟቸውን የሚያበላሹት።

እርስዎ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ በመኪና ከኩስኮ በታች ባለው ሸለቆ ወደምትገኘው ከተማ ኦያንታይታምቦ ይውረዱ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከፍታዋ የደብረ ብርሃንን ያህል ነው። በማግስቱ ጠዋት የኢንካዎቹን ፍርስራሽ ይውጡ። ከላይ፣ ሳይጠናቀቅ በቀረው ቤተ መቅደስ፣ ስድስት ግዙፍ ድንጋዮች ተደርድረው ቆመዋል፤ የተፈለጡበት ካባ ከወንዙ ማዶ ተራራው ላይ ስለሆነ ዞር ብለው ሳያዩት አይውረዱ። ከሰዓት በኋላ በባቡር ከማቹ ፒቹ ግርጌ ባለችው ከተማ አጓስ ካሊየንቴስ ይግቡና ይደሩ። በሦስተኛው ቀን ማቹ ፒቹ (2,430 ሜትር)፤ ማታ ወደ ኩስኮ ይመለሱ። የቀሩትን ሁለት ቀናት ለኩስኮና ከበላይዋ ላለው የኢንካ ምሽግ ሳክሳይዋማን ያድርጓቸው። ባለቀለሙ ተራራ ቪኒኩንካ 5,000 ሜትር ስለሚያልፍ በአምስት ቀን ጉዞ ባይሞክሩት ይሻላል።

የማቹ ፒቹን ትኬት ከወራት በፊት ይግዙ፤ በነሐሴ ቶሎ ያልቃል። የሚሸጠው በመግቢያ ሰዓትና ውስጥ በሚዞሩበት የእግር መስመር ተለይቶ ነው። ከላይ የሚታየውን ታዋቂ ገጽታም፣ የከተማዋን ውስጥም የሚያሳየው ሁለተኛው መስመር ነው። ከከተማዋ አጠገብ ያለውን ዋይና ፒቹ ተራራ የሚወጡበት ትኬት በሦስተኛው መስመር ስር ስለሆነ ያ ገጽታ የለውም፤ ይህን ሳያጣሩ ገዝተው የሚቆጩ ብዙ ናቸው። በር ላይ ዋናውን ፓስፖርት ያሳያሉ፤ አንዴ ከወጡ መመለስ የለም፣ ውስጥም መጸዳጃ የለም። ወቅቱ እዚያ ደረቅ ነው፤ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ፣ ስለዚህ ጃኬት ይያዙ።

ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ሐሳብ መምታታት ወይም ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ የለም።

ጥያቄ፦ የምሠራው ዱባይ ነው። ለከፍታው የኮካ ቅጠል ሻይ ጠጡ ይላሉ፤ ልጠጣ?

መልስ፦ አይጠጡ። ሻዩ ፔሩ ውስጥ የተፈቀደና የተለመደ ነው፤ ግን አንድ ስኒ እንኳ በሽንት ምርመራ ኮኬይን ሊያሳይ ይችላል። ቅጠሉንም፣ ከረሜላውንም በሻንጣዎ እንዳይዙ። በምትኩ ሙኛ የሚባለውን የአካባቢውን ቅጠል ሻይ ይዘዙ፤ ሽታው ወደ ናና የሚሄድ ነው፤ ኮካ እንዳልተቀላቀለበትም ይጠይቁ።