በር ቆልፎ ከመተኛት በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ሞተርሆም (አልጋና ማብሰያ ያለው፣ እየተጓዙ የሚያድሩበት መኪና) ተከራይቶ ከሁለት ልጆቻችን ጋር የአሥር ቀን ጉዞ ልንወጣ ነው። የመጀመሪያችን ነው። መንገድ ላይ ስናድር ሌባ ይመጣብናል እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በሩ ላይ ተጨማሪ ቁልፍ ላስገጥም ብል ባለቤቴ «አታካብጂ» አለኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማካበድ አይደለም። በማታውቂው ቦታ፣ በቀጭን ግድግዳ ውስጥ ልጆች አስተኝቶ ማደር ያስፈራል። እኔም የመጀመሪያ ሰሞን ኮሽ ባለ ቁጥር እየባነንኩ ነው ያደርኩት። የሌባውን ነገር እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን የደረሰብኝን ልንገርሽ።

በሁለተኛው ጉዟችን አንድ ሌሊት ብርዱ አይጣል ነበር። መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርገን ዘጋን። የጋዝ ማሞቂያውን ለኩሰን ተኛን። ሌሊት ላይ ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ውሃ» አለች። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ራሴን ይወጋኛል፣ ያጥወለውለኛል። ጉንፋን መሰለኝ። ልጄ ከአልጋ ወርዳ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ተንገዳግዳ ቁጭ አለች። ያኔ ነው የደነገጥኩት። በሩን በርግጄ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አወጣኋቸው። ባለቤቴን ስሙን አራቴ ጠርቼ ነው የነቃው። ሐኪም ቤት ስንደርስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው አሉን።

አላርም ነበረን እኮ። ጭሱንም ይህንንም የሚለይ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ምግብ ስንጠብስ ሲጮህብን ባትሪውን አውጥተን መሳቢያ ውስጥ ከተነዋል። እስከ ዛሬ ያንን መሳቢያ አልረሳውም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። በደንብ ካልነደደ ማሞቂያ፣ ከምድጃ ወይም ከጄኔሬተር ጭስ ይመጣል። ስለዚህ መኪናውን ስትረከቡ፣ ሳትፈርሙ በፊት፣ የአላርሙን መሞከሪያ ተጫኚና ሲጮህ ስሚ። ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ጀርባውን ገልብጠሽ እዪ። ምድጃውን ለሙቀት ብላችሁ አታንድዱ። ጄኔሬተር አስነስታችሁ አትተኙ፤ አጠገባችሁ የቆመው ሰው ጄኔሬተር ጭስም በመስኮት ይገባል። ብርድ ገባ ብላችሁ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ አትወትፉ። ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ውጡ።

የሲሊንደሩ ጋዝ ደግሞ ሌላ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔን የሚባለው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይሄዳል። የዚህ ጋዝ አላርም ዝቅ ብሎ የሚገጠመው ለዚህ ነው፤ ጫማና ቦርሳ አትከምሩበት። ጋዝ ሲሸትሽ መብራት አታብሪ፣ አታጥፊም። ሁሉንም አስወጪና ሲሊንደሩን ከውጭ ዝጊ። ነዳጅ ልትቀዱ ስትገቡም ጋዙ አስቀድሞ ይዘጋ፤ ፍሪጁ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ውስጡ እሳት አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ቀን ላይ ሞክሩ። የአደጋ መውጫ መስኮቱን ልጆችሽ ራሳቸው ይክፈቱት። የእኔ ትልቁ ልጅ መያዣውን በሁለት እጁ ስቦ አልንቀሳቀስ ብሎት ነበር። ዘይት ቀብተን፣ ደጋግሞ ከፍቶ ነው የለመደው።

መንዳቱን ለባለቤትሽ ልተወው፤ ሦስት ነገር ግን ንገሪልኝ። የመኪናውን ቁመት ጣሪያው ላይ ካለው ዕቃ ጋር በሜትር ጽፎ መሪው አጠገብ ይለጥፍ፤ ድልድይ ሥር ሲደርስ ማስታወስ አይቻልም። ቁልቁለት ላይ ከመጀመሪያው ማርሽ ቀንሶ ይውረድ፤ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለውና እምቢ ይላል። ጎማው አዲስ ቢመስልም ዕድሜውን ይይ። ጎኑ ላይ DOT ብሎ በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ 2319 የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ልጆቹ ደግሞ መኪናው ሲሄድ አልጋ ላይ አይጋደሙ። ቢያለቅሱም ቀበቶ ይታሰርላቸው።

ወደ ሌባው ልመለስ። ሳይመሽ ድረሱ። ሌሎች ተጓዦች ያሉበት፣ ማደር የተፈቀደበት ቦታ ቁሙ። የመኪናው አፍንጫ ወደ መውጫው ይሁን። ቁልፉን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስቀሉት። ከሾፌሩ ወንበር እስከ አልጋው ያለው መተላለፊያ ላይ ዕቃ አይቀመጥ። ቦታው ካላማረሽ ወደ ውጭ ሳትወጡ አስነስታችሁ ሂዱ። እኛ ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርገናል። ምን እንደነበረ አላወቅንም፣ አልተጸጸትንምም።

ተጨማሪ ቁልፉንም የመኪናው ባለቤት ከፈቀደ አስገጥሚ። ብቻ ትንሹ ልጅሽ ከውስጥ፣ በጨለማ፣ ያለ መክፈቻ ሊከፍተው የሚችል ይሁን።