«አማካሪዬ ‹ይህ ዝርዝር ነው› አሉኝ»

ጥያቄ፦ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በደቡብ ወሎ ገጠር ቤተሰቦች የምግብ ዋስትና ላይ ያመጣውን ለውጥ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ እያጠናሁ ነው። ለክለሳ ድርሳናቱ ምዕራፍ (ቀደምት ጥናቶች ለሚገመገሙበት ክፍል) 40 ያህል ጽሑፎች አንብቤ የእያንዳንዱን ዓላማ፣ ዘዴና ግኝት በአንድ በአንድ አንቀጽ አሳጥሬ አቀረብሁ። አማካሪዬ ግን «ይህ ዝርዝር እንጂ ክለሳ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ምን አጎደልሁ? የኢትዮጵያውያን አጥኚዎችን ስምና በእኛ ዘመን አቆጣጠር የወጡ ሰነዶችንስ እንዴት ልጥቀስ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ 40 ጽሑፍ አንብቦ ማሳጠር ብዙ ሌሊት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ድካምዎም አልባከነም። ነገር ግን ለአማካሪዎ የሰጡት ለራስዎ የያዙትን ማስታወሻ ነው። በማስታወሻው ውስጥ የእያንዳንዱ አንቀጽ ባለቤት አንድ ጸሐፊ ነው፤ በክለሳ ውስጥ ግን የአንቀጹ ባለቤት ጥያቄው ይሆናል፣ ጸሐፊዎቹም ስለዚያ ጥያቄ ምስክርነት ሊሰጡ ይጠራሉ። አማካሪዎ ያጡት ይህን ይመስለኛል።

ከራስዎ ርእስ ምሳሌ ልውሰድ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር መሥራት የሚችሉ ሰዎች ለሠሩበት ቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ይከፈላቸው ነበር። ያነበቧቸው ጥናቶች አንዱ «ለውጡ አነስተኛ ነው»፣ ሌላው «ለውጥ አለ» ሲሉ አግኝተዋቸው ይሆናል፤ በተራ ከተደረደሩ አንባቢው የትኛውን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የሚከተለውን ዓይነት አንቀጽ ይወልዳሉ፦

«ፕሮግራሙ የቤተሰቦችን የምግብ ዋስትና ስለማሻሻሉ የጥናቶቹ ውጤት አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን በአብዛኛው ክፍያው ምን ያህል፣ በምን ዓይነት እና ለስንት ጊዜ እንደተሰጠ ከሚለው የሚመነጭ ይመስላል። ፕሮግራሙ ከተጀመረ 18 ወር ገደማ በኋላ በተሰበሰበ መረጃ የሠሩት ጊሊጋን፣ ሆዲኖትና ዓለማየሁ (2009) አማካይ ለውጡን አነስተኛ ሆኖ አግኝተውታል፤ ለዚህም ምክንያት ያደረጉት ብዙ ቤተሰቦች ከታቀደላቸው በታች መቀበላቸውን ነው። ሳባተስ ዊለርና ዴቭሮ (2010) የእህል ዋጋ በናረበት ወቅት እህል የተከፈላቸው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ከተከፈላቸው የተሻለ ሁኔታ ላይ እንደነበሩ ያሳያሉ። ጉዑሽና ባልደረቦቹ (2014) በበኩላቸው ለበርካታ ዓመታት በፕሮግራሙ የቆዩት ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ብቻ ከታቀፉት የተሻለ ለውጥ ማየታቸውን ይገልጻሉ።»

በዚህ አንቀጽ ሦስቱ ጥናቶች ተጣልተው አይቀሩም፤ «ፕሮግራሙ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «በምን ሁኔታ ይሠራል?» ወደሚለው ይሸጋገራል። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በተለይ ልብ ይበሉት፤ ከሦስቱ ጽሑፎች በየትኛውም ውስጥ አይገኝም፣ የእርስዎ ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር የሌለው አንቀጽ፣ የቱንም ያህል ዋቢ ቢደረደርበት፣ ክለሳ ለመባል አይበቃም።

ወደዚህ ለመድረስ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ይሥሩ። እያንዳንዱን ጽሑፍ በአንድ ረድፍ ያስቀምጡ፤ በዓምዶቹ ላይ መረጃው የተሰበሰበበትን ዓመት፣ አካባቢውን፣ የክፍያውን ዓይነት፣ ተጠቃሚዎቹ ከማን ጋር እንደተነጻጸሩና የተገኘውን ውጤት ይሙሉ። ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ያንብቡት። ወደ ጎን ማንበብ ያንኑ ዝርዝር ይመልስልዎታል፤ ወደ ታች ሲወርዱ ግን የት እንደተስማሙ፣ የት እንደተለያዩ፣ የትኛው ሕዋስ ባዶ እንደቀረ ይታያል። የምዕራፉ ንዑስ ርእሶችም ከዓምዶቹ ይወጣሉ። በየትኛውም ዓምድ ነገር የማይጨምር ጽሑፍ ካለ ያለ ሐዘን ይተዉት፤ የዋቢ ብዛት የጥናት ጥራት መለኪያ አይደለም።

ስለ ጥናት ክፍተት፣ ማለትም ቀደምት ጥናቶች ሳይመልሱት ስለቀሩት ጥያቄ፣ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «በዚህ ወረዳ ጥናት አልተካሄደም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ይገኛል፣ ብቻውን ግን ክፍተት አይሆንም፤ ያልተጠና ወረዳ ምንጊዜም አይጠፋምና። በወረዳው ያለው ሁኔታ፣ ለምሳሌ የክፍያው መዘግየት ወይም የገበያው ርቀት፣ ቀደምት ጥናቶች የደረሱበትን ድምዳሜ ሊለውጥ የሚችልበትን ምክንያት ማሳየት አለብዎ።

ስምን በተመለከተ፣ እኛ የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፤ የውጭ መጽሔቶች ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዙታል። ከላይ «ዓለማየሁ» ያልኋቸው ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ በመጽሔቱ ላይ የሚገኙት በአያታቸው ስም፣ «ታፈሰ» ተብለው ነው። ስለዚህ ሲፈልጉ በሦስቱም ስሞች፣ በላቲን ፊደልም በተለያየ አጻጻፍ ይሞክሩ። ሲጠቅሱ የትምህርት ክፍልዎን መመሪያ ይከተሉ፤ መመሪያው ዝም ካለ በአማርኛ ጽሑፍ የራስን ስም ማስቀደም የተለመደ ነው። ዋናው፣ አንዱን ሰው በአንድ ገጽ ዓለማየሁ፣ በሌላው ታፈሰ ብለው ሁለት ሰው እንዳያደርጉት ነው።

የዓመተ ምሕረቱ ጉዳይ ከዚህ የከፋ ስሕተት ያመጣል። አንድ የወረዳ ሪፖርት «1997» ቢል፣ ያ ፕሮግራሙ የተጀመረበት ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተነበበ እንደሆነ ግን ሪፖርቱ ከፕሮግራሙ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተጻፈ ይመስላል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ሰነዱ ወሩን ካልነገረዎ በግምት አንዱን አይምረጡ፤ «1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004/05)» ብለው ሁለቱንም ይጻፉ።