ለግል ዊኪ፦ ጽሑፉ የት ይቀመጥ? በምንስ ይገባ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለራስህ ብቻ የሚሆን ዊኪ፣ ማለትም በብራውዘር የሚጻፍና የሚታረም የማስታወሻ ድረ ገጽ ልታቆም ነው፤ ገጾቹን በዳታቤዝ፣ በተራ ፋይል ወይስ በጊት (የፋይሎችን ለውጥ ታሪክ በሚይዝ ፕሮግራም) ላስቀምጥ? መግቢያውስ ፓስወርድ ይሁን ወይስ የጉግል አካውንት?

ሦስቱንም አስቀማመጥ ተጠቅሜባቸዋለሁ። የእኔ ምርጫ ተራ ፋይል ነው፣ ከሥሩ ጊት ያለበት። መግቢያውን ደግሞ በተቻለ መጠን ከዊኪው ውጭ አድርገው።

የግል ዊኪ ብዙ ዓመት ትኖርበታለህ፤ ሶፍትዌሩ ግን አብሮህ ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው "ይሄ ፕሮግራም አልነሳም ያለ ቀን እጄ ላይ ምን ይቀራል?" ብዬ ነው። ዶኩዊኪ የሚባለውን የዊኪ ሶፍትዌር እንይ። ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው፣ ዳታቤዝ የሚባል ነገር አይፈልግም። እያንዳንዱ ገጽ አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። የቆዩት እትሞች በሌላ ፎልደር ተጨምቀው ይቀመጣሉ። ሰርቨሩ ቢሞት እንኳ ፎልደሩ ካለህ በማንኛውም ኖትፓድ ከፍተህ ታነበዋለህ። ሌላው የዊኪ ሶፍትዌር ሚዲያዊኪ ግን ገጾቹን ዳታቤዝ ውስጥ ነው የሚከተው። ጎበዝ ሶፍትዌር ነው፣ ዊኪፒዲያን የተሸከመው እሱ ነው፤ ለአንድ ሰው ማስታወሻ ሲሆን ግን ለአንድ እንግዳ ድንኳን እንደ መትከል ነው።

ዳታቤዝ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ ኤስኪውላይት የሚባለውን ቀላል ዳታቤዝ የሚቀበል ዊኪ ፈልግ። ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ነው፣ ለብቻው የሚነሳ የዳታቤዝ ሰርቨር የለም። ብቻ ዊኪው እየሠራ ያንን ፋይል ዝም ብለህ ኮፒ አታድርግ። ኮፒው ከጽሑፍ መሐል ከገጠመ የተበላሸ ፋይል ይዘህ ትቀራለህ። የራሱ የባክአፕ ትእዛዝ አለው፣ በእሱ ተጠቀም። በራሱ ሲንክ የሚያደርግ (ፋይሎችን ከኢንተርኔት ማከማቻ ጋር የሚያመሳስል) የክላውድ ፎልደር ውስጥም አታስቀምጠው።

ጊት የሚጨምርልህ ታሪክንና ሁለተኛ ቅጂን ነው። ወደ ሌላ ማሽን ፑሽ ባደረግክ (ለውጡን በላክህ) ቁጥር ሙሉ ታሪኩ እዚያም አለ። ፎቶና ፒዲኤፍ ግን አታጉርሰው፤ አንዴ የገባ ትልቅ ፋይል ብታጠፋውም ታሪኩ ውስጥ ተቀምጦ ያባብጠዋል። ገጽ ላይ ጽፈህ ያጠፋኸው ፓስወርድም እንደዚሁ፣ ከታሪኩ አይወጣም።

አሁን በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የሚሆን ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም መመሪያዎቹ ላይ እምብዛም አታገኘውም። ዶኩዊኪ ካልነካኸው በስተቀር በፋይል ስሞች ውስጥ ያሉትን የአማርኛ ፊደሎች በፐርሰንት ምልክትና በኮድ ቀይሮ ነው የሚጽፈው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደሎችን በሚያስቀምጥበት የተለመደ አጻጻፍ) ሦስት ባይት ነው፤ በፐርሰንት ሲጻፍ ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል። በሊኑክስ የተለመደው የፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ነው። ስለዚህ የገጽህ ርዕስ ወደ 27 ፊደል ሲደርስ ቦታው ያልቃል፣ ለቆዩት እትሞች ደግሞ ስሙ ላይ ሰዓት ስለሚጨመር ከዚያም ቀድሞ። ገና ስትጀምር ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ የፋይል ስም አጻጻፉን ወደ ዩቲኤፍ 8 ቀይረው፤ ጣሪያው በሦስት እጥፍ ግድም ከፍ ይላል፣ ስሞቹም በዓይን የሚነበቡ ይሆናሉ። ገጾች ከበዙ በኋላ መቀየር ራስ ምታት ነው። ጊትም የራሱ አመል አለው። ስሙ በ"ሀ" የሚጀምር ፋይል \341\210\200 ብሎ ያሳይሃል። አልተበላሸም፤ "ኮር ኮትፓዝ" (core.quotepath) የሚባለውን ቅንብር ስታጠፋው ፊደሉ ይመጣል።

ፋይል የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ፍለጋ ነው። አንዱን ቀን "ፀሐይ" ሌላ ቀን "ጸሀይ" ብለህ ትጽፋለህ፣ የዊኪው ፍለጋ ደግሞ ሁለቱን አንድ መሆናቸውን አያውቅም። ተራ ፋይል ከሆነ ፋይሎች ውስጥ ቃል በሚፈልገው በግሬፕ ትእዛዝ [ፀጸ][ሐሀኀ]ይ ብለህ ሁሉንም ባንዴ ታወጣለህ።

ወደ መግቢያው ስንመጣ፣ ተጠቃሚው አንተ ብቻ ከሆንክ ከሁሉ የሚሻለው ዊኪውን ለዓለም አለመክፈት ነው። በዋየርጋርድ ወይም በመሰል ቪፒኤን (የራስህን መሣሪያዎች ብቻ በሚያገናኝ የተመሰጠረ መስመር) ብቻ የሚደረስበት አድርገው፤ ያኔ ስለ መግቢያ የሚያስጨንቅህ ነገር በጣም ይቀንሳል። የግድ ኢንተርኔት ላይ ይውጣ ካልክ ከፊቱ ባለው ዌብ ሰርቨር ፓስወርድ ጠይቅ። ያለ ኤችቲቲፒኤስ (ያለ ተመሰጠረ የድረ ገጽ ግንኙነት) ግን አትሞክረው፤ ይህ ዓይነቱ ፓስወርድ ማንም መልሶ በሚፈታው ቤዝ 64 በሚባል አጻጻፍ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው እንጂ አልተመሰጠረም፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል። ዶኩዊኪን ስትጭን ክፍት፣ ለሕዝብ ወይስ ዝግ ብሎ ይጠይቅሃል፤ ዝግ በል፣ አዲስ ሰው ራሱን የሚመዘግብበትንም አጥፋው።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ደግሞ አለ። መግቢያው የሚጠብቀው በዊኪው በኩል የሚመጣውን ነው። የገጾቹ ፎልደር በቀጥታ በዌብ አድራሻ ከተከፈተ ፓስወርድህ ዋጋ የለውም። ዶኩዊኪ ይህን የሚከለክለው አፓቼ የተባለው ዌብ ሰርቨር በሚያነበው ፋይል ነው፣ ሌላው ዌብ ሰርቨር ኤንጂንኤክስ ግን ያንን ፋይል አያየውም። ስለዚህ ሳትገባ፣ ከሌላ ብራውዘር፣ የአንድ ገጽ ፋይል አድራሻ ጽፈህ ሞክር። ጽሑፉ ከመጣልህ ዊኪህ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል ማለት ነው።

የጉግል መግቢያ ምቹ ነው፣ አልክድም። ብቸኛ ቁልፍህ እንዲሆን ግን አልመክርም። የሌላ ሰው የመግቢያ አገልግሎት ሲዘጋ አይተናል፤ ማይኦፕንአይዲ በ2014፣ የሞዚላ ፐርሶና በ2016 ተዘግተዋል። ሰርቨሩ የራስህ ከሆነ በኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ በትእዛዝ በምታዝበት መንገድ) ገብተህ ታስተካክለዋለህ፣ ብዙ አያሳስብም። በተከራየኸው የዊኪ አገልግሎት ላይ ከሆነ ግን አካውንትህ ሲታገድ ማስታወሻህም አብሮ ይታገዳል። ፓስኪ (በፓስወርድ ፋንታ መሣሪያህ ላይ የሚቀመጥ ቁልፍ) ጥሩ አማራጭ ነው፤ ከዶሜኑ (ከድረ ገጹ አድራሻ ስም) ጋር የታሰረ ስለሆነ ግን ዶሜን ስትቀይር እንደማይሠራ እወቅ። ከፓስወርዱ ሌላ ስልክህ ላይ ያለ አፕ የሚያወጣውን ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ከጨመርክ ደግሞ የሰርቨሩ ሰዓት ትክክል ይሁን፤ ኮዱ ከሰዓቱ እየተሰላ በየ30 ሰከንዱ ነው የሚቀየረው። የመጠባበቂያ ኮዶቹን ብቻ እዚያው ዊኪው ውስጥ እንዳታስቀምጣቸው። ሰው ያደርገዋል!

ይህ ሁሉ የምትጽፈው ብቻህን ከሆነ ነው። ሌላ ሰውም አብሮህ የሚጽፍ ከሆነ ጻፍልኝ፣ የመግቢያው መልስ ይቀየራል።