የቤት ደላላ የትኛውን ሥራ ያስቀድም? ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ ቤት በማሻሻጥና በማከራየት ሥራ ዐሥራ አራት ዓመታት አሳልፌአለሁ። ወደ ሙያው በቅርቡ የገቡ ባልደረቦች ቀኑን ሙሉ ሲሮጡ እየዋሉ ገቢያቸው ለምን እንደማይሞላ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ጥያቄዎቻቸውን ከነመልሶቼ እንደሚከተለው አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ በቀን ከሠላሳ የማያንስ ስልክ ይደወልልኛል። ሻጩም፣ ገዢውም፣ ተከራዩም፣ ሌላው ደላላም "አሁኑኑ" ይላል። ማንን ላስቀድም?

መልስ፦ ዛሬ ካልተሠራ የሚበላሸውን ያስቀድሙ፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስልክ የሚደውልልዎ ሰው ጉዳይ አይደለም። እኔ ማታ ማታ ደብተሬን ገልጬ በእጄ ካሉት ጉዳዮች በእያንዳንዱ ትይዩ ነገ ብተወው ምን እንደሚሆን በአንድ መስመር እጽፋለሁ። ቀብድ የተሰጠበት ጉዳይ ሁልጊዜ ከላይ ይቀመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ስለዚህ ጉዳዩ በዘገየ ቁጥር አንዱ ወገን ሐሳቡን ለመለወጥ፣ ሌላውም ለመካሰስ ጊዜ ያገኛል። ከዚህ ቀጥሎ ገዢ ተገኝቶለት ወረቀት የጎደለው ጉዳይ ይመጣል፤ ከዚያ ቤት ማሳየት፣ በመጨረሻም አዲስ ስልክ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍለ ከተማው በር መገኘት የሚበጀውም ለዚሁ ነው። ቤቱ ከሰዓት በኋላም እዚያው ቆሞ ይጠብቃል፤ የመሬት አስተዳደር ባለሙያው ግን ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ትልቅ ኮሚሽን ያለውን ቤት ማስቀደም ትክክል አይደለም?

መልስ፦ ሒሳቡ ልብ ያማልላል። በተለመደው 2 በመቶ ብናሰላው፣ የ60 ሚሊዮን ብር ቪላ 1.2 ሚሊዮን ብር ሲያስገኝ፣ የ5 ሚሊዮን ብር ኮንዶሚኒየም 100 ሺህ ብር ብቻ ያስገኛል። እኔም በዚህ ሒሳብ ተመርቼ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ያለ አንድ ቪላ ለሰባት ወራት ሳሳይ ከርሜአለሁ። ቤቱ የአምስት ወንድማማችና እኅትማማቾች ውርስ ነበር፤ የወራሽነት ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት አልወጣም፣ አንደኛው ወራሽም ዋጋው ላይ አልተስማማም ነበር። ይህን ሁሉ የሰማሁት አራተኛውን ገዢ ይዤ ከሄድሁ በኋላ ነው፤ ጥፋቱም አስቀድሜ ያልጠየቅሁት የእኔ ነበር። በእነዚያ ወራት ጀሞና አያት ያሉ ሦስት ካርታቸው የተሟላ ኮንዶሚኒየሞች በሌሎች ደላሎች እጅ ተሸጡ። ስለዚህ ኮሚሽኑን ከማስላትዎ በፊት ሻጩ የመሸጥ መብት አለው ወይ፣ ለመሸጥስ ቆርጧል ወይ ብለው ይጠይቁ። ሁለቱም ከተሟሉ ትልቁን ቢያስቀድሙ አልቃወምም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቤቱን ለገዢ ከማሳየቴ በፊት ምን ምን ላጣራ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ የብዙዎቻችን ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሕግ ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ ስላለበት፣ ሥራችን ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚፈተነው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት መስኮት ላይ ነው። እዚያ የሚጠየቀውን እኔ በመጀመሪያው ቀን ሻጩ ሳሎን ተቀምጬ እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተገኘ) ይሁን ሊዝ (ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የተያዘ)፣ ሊዝ ከሆነም ቀሪ ክፍያ እንዳለበት አያለሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ለባለዕድሉ ከተላለፈ 5 ዓመት መሙላቱን አረጋግጣለሁ። ቤቱ ለባንክ መያዣ የተሰጠ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ ከሆነ ሻጩ ሁልጊዜ በራሱ አንደበት ስለማይነግረን፣ የዕዳና እገዳ ማጣሪያውን ባለቤቱ ራሱ እንዲጠይቅ አደርጋለሁ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ውክልናውን እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ፤ ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፣ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ ተጽፎ መሰጠት አለበት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የትዳር ጉዳይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንድ ጊዜ ገዢው ሲፒኦውን (ባንክ ክፍያውን የሚያረጋግጥበትን ቼክ) አሠርቶ፣ ምስክሮቹ ተሰብስበው፣ ተራችን ደርሶ መስኮቱ ጋ ቆምን። ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገልብጣ "ባለቤትዎስ የት ናቸው?" ስትል፣ ሻጩ ወደ እኔ ዞሮ "ዱባይ ናት፤ ያስፈልጋል እንዴ?" አለኝ። ውክልናው ተዘጋጅቶ እስኪመጣ ድረስ ገዢው ሌላ ቤት ገዛ። ከዚያ ወዲህ ያገባውን የጋብቻ ማስረጃውን፣ ያላገባውን ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ሳላይ ቤቱን ለማንም አላሳይም።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። በኪራይ ልጀምር ወይስ በሽያጭ?

መልስ፦ የወር ወጪዎን ኪራይ ይሸፍንልዎ፤ ሽያጭ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የኪራይ ሥራ ግን ቀኑን ሁሉ እንዳይበላው፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላዎችንና ቅዳሜን ብቻ ይስጡት። አከራዩንም ከመጀመሪያው ሕጉን ያስረዱት፦ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። የስድስት ወር ቅድሚያ ካልተከፈለኝ የሚል አከራይ ጋ ተከራይ ሲያመላልሱ ቢውሉ ትርፉ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ የሪል እስቴት ኩባንያ ውስጥ በሴልስነት እሠራለሁ። አለቃዬ በየቀኑ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ እንድለጥፍ ያዝዘኛል፤ ቀድመው የገዙት ደንበኞች ደግሞ ግንባታው የት ደረሰ እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ሁለቱን እንዴት ላስታርቅ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የገዙትን ያስቀድሙ። መልስ ያጣ ገዢ ቅሬታውን ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ ያዳርሳል፤ ያን በማስታወቂያ ማካካስ ከባድ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ግንባታው ቦታ ድረስ ሄደው፣ የደረሰበትን ደረጃ ሳያስውቡ በቪዲዮ ቀርጸው ለሁሉም ቢልኩ፣ የሚደወልልዎ ስልክ በእጅጉ ይቀንሳል፤ አለቃዎም የሚለጠፍ ነገር ያገኛሉ። አሜሪካ ላሉት ደንበኞችዎ ምሽቱን ይመድቡ፤ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ወደ እኩለ ቀን ነው፣ ብዙዎቹም በምሳ ሰዓታቸው ያነሣሉ።

ጥያቄ፦ ገዢ ነኝ እያለ ቤት ብቻ እያየ የሚከርመውን ሰው እንዴት ልለየው?

መልስ፦ ከመገናኘታችሁ በፊት በስልክ ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ገንዘቡ በእጁ ያለ ነው ወይስ ሌላ ንብረት ሸጦ የሚያመጣው? ውሳኔውን አብሮት የሚወስን ማን ነው? ቤቱን እስከ መቼ ይፈልገዋል? መልሱን የሚያድበሰብስ ሰው ጨርሶ አይጣል፤ ግን ሥራ ባልበዛበት ቀን ይቀጠር። የምትወስነው ባለቤቱ ከሆነች ደግሞ እሷ በሌለችበት አያሳዩ፤ ያው ተመልሳችሁ መምጣታችሁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ቤት ማሳየት ይበቃል?

መልስ፦ ሦስት፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ። ሲኤምሲ፣ ሰሚትና አያት በአንድ ቀን ይሆናሉ። ጠዋት ሲኤምሲ፣ ከሰዓት ለቡ ብለው ከቀጠሩ ግን ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ለቡ የሚጠብቅዎ ገዢም ከሌላ ደላላ ጋር ሻይ ሲጠጣ ያገኙታል።