ሳይፈላ ያደረ የፕሮቲን ናሙና

ጥያቄ፦ ሴሎቹን አፍርሼ ከናሙና ቡፈር ጋር ቀላቀልኩና ሳላፈላ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ አሳደርኩት። በማግስቱ አፍልቼ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለየው ጄል ላይ ስጭነው ትልልቆቹ ባንዶች ደብዝዘው ከታች ብዙ ትንንሽ ባንዶች ታዩ። ቱቦው ውስጥም ነጭ ዝቃጭ ነበር። ያበላሸው የቱ ነው?

መልስ፦ ዝቃጩ አይደለም፤ ያበላሸው ሳይፈላ ማደሩ ነው። ቡፈሩ ውስጥ ያለው ሳሙና መሰል ኬሚካል፣ ኤስዲኤስ፣ የታጠፈውን ፕሮቲን ይፈታዋል፣ ነገር ግን አንዳንድ ፕሮቲዬዞች (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች) እሱ ውስጥም ሆነው መቁረጣቸውን አይተዉም። የተፈታ ፕሮቲን ደግሞ ይበልጥ ለመቆረጥ የተመቸ ነው። ቅዝቃዜ ያዘገያቸዋል እንጂ አያቆማቸውም። የተቆረጠው ስለማይመለስ ይህን ናሙና ይተዉት።

ከእንግዲህ የፕሮቲኑን መጠን ቡፈር ሳይገባ ይለኩ፤ ኤስዲኤስና ዲቲቲ (ፕሮቲኖችን የሚያያይዘውን የሰልፈር ትስስር የሚፈታ ኬሚካል) ልኬቱን ያዛባሉ። ከዚያ በናሙናው ልክ እኩል መጠን ያለው፣ 2 እጥፍ የጠነከረ ቡፈር ጨምረው ወዲያውኑ በ95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ያፍሉ። ሲበርድ ለአንድ ጄል የሚበቃውን ያህል፣ ለምሳሌ 25 ማይክሮሊትር፣ በየቱቦው ከፋፍለው በ-20 ያስቀምጡ። ለወራት ይቆያል። በረዶውን በራሱ የሚያቀልጥ ፍሪዘር ግን አይሁን፤ በየጊዜው ስለሚሞቅ ናሙናው ይጎዳል። ቡፈር ያልገባበት ትርፍ ላይሴት (የፈረሱት ሴሎች ፈሳሽ) ቦታው -80 ነው።

ነጩ ዝቃጭ በቅዝቃዜ የረጋ ኤስዲኤስ ነው። በሌላ ናሙና ካጋጠመዎ በ37 ዲግሪ እስኪጠራ ያሙቁት፣ በ95 ዲግሪ 2 ደቂቃ ይጨምሩለት፣ በሴንትሪፊውጅ አዙረው ከላይ ያለውን ይጫኑ። ጠርቶ የክፍሉ ሙቀት ላይ ሲደርስ መልሶ ከነጣ ግን ጥፋቱ የፖታሲየም ነው፤ ከኤስዲኤስ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ጨው ይሠራል። የሴል ማፍረሻ ፈሳሹን በፖታሲየም ጨው ፈንታ በሶዲየም ክሎራይድ ያዘጋጁት። ከፍሪዘር ለወጣ አሮጌ ናሙና ከማሞቅዎ በፊት ትኩስ ዲቲቲ ይጨምሩ፤ የቀድሞው በኦክስጅን ስለሚደክም ጥንድ የሆኑ ፕሮቲኖች እጥፍ ክብደት ላይ ይታያሉ።

ማፍላት ለሁሉም አይሆንም። የሴል ሽፋንን ደጋግመው የሚያቋርጡ ፕሮቲኖች ሲፈሉ ተጣብቀው ጄሉ አፍ ላይ ይቀራሉ፤ እነሱን በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ ይሻላል። ዩሪያ ያለበትንም ከ37 ዲግሪ አያሳልፉ፤ ዩሪያው ፕሮቲኑን በኬሚካል ይለውጠዋል።

ጥፋቱ ሳይፈላ መቆየቱ መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለጉ አዲስ ናሙና ቡፈር ከገባ በኋላ ለሁለት ይክፈሉ። አንዱን ወዲያው፣ ሌላውን ክፍሉ ውስጥ 2 ሰዓት አቆይተው ያፍሉና ጎን ለጎን ይጫኑ።