የማን ስም ይቅደም?

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ሐኪም ጻፈችልኝ። ፕሮግራም ከሚጽፍ ጓደኛዋ ጋር ለልብ ሕሙማን የሚሆን መሣሪያ ሠርተዋል፤ ለሽልማት ሊያቀርቡት ነው። ጥያቄዋ አጭር ናት፦ «የማን ስም ይቅደም?» ለመመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ወጣት ሳለሁ የምሠራው ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነበር። የደምን ኦክሲጅን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ ሴንሰር ለትልቅ ሰው ጣት የተሠራ ስለነበር ከሕፃናቱ እግር ላይ እየተንሸራተተ ይወልቃል። አላርሙ ይጮኻል፣ ነርሶቹ ይሮጣሉ፣ ሕፃኑ ደህና ነው። በአንድ ሌሊት ስንቴ! በኋላማ ጩኸቱን ለመድነው፤ አደጋውም እሱ ነበር። አንድ ሌሊት የእውነቱን ሲጮኽ ማንም ቀና አላለም። ሕፃኗ በተአምር ተረፈች።

ይህን የሰሙት የመሣሪያ ጥገና ባለሙያው ጋሼ ናቸው፤ ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲያ ነበር። ማንም ሳያዛቸው ከምድር ቤቱ ወርክሾፕ ወጥተው ሦስት ሌሊት ከነርሶቹ ጋር አደሩ። አይናገሩም፣ ዝም ብለው ያያሉ። ከዚያ ሴንሰሩን ፈቱት፤ ብርሃን የሚሰጠውንና የሚቀበለውን ለስላሳ ማሰሪያ ላይ ፊት ለፊት አድርገው ሰፉ፣ የክፍሉ መብራት እንዳይገባበትም በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑት። ጩኸቱ በረደ። እኔ ምን ሠራሁ? ቁጥሩን መዘገብኩ፣ ጽሑፉን ጻፍኩ፣ ስብሰባ ላይ አቀረብኩ፣ ተሸለምኩ። «የጥገና ክፍሉን እናመሰግናለን» የምትል አንዲት መስመር ነበረች፤ ገጹ ሲሞላብኝ እሷንም ሰረዝኳት።

የኦክሲጅን መለኪያውን ራሱን ማን እንዳሰበው እንኳ ያኔ አላውቅም። ታኩኦ አዮያጊ የሚባሉ ጃፓናዊ ኢንጂነር ናቸው። ልብ የምትረጨውን ደም ጆሮ ላይ በብርሃን ለመለካት ሲሞክሩ የደም ሥር ትርታው ልኬቱን ያበላሽባቸዋል። ሊያጠፉት ሲታገሉ፣ ያ ረባሽ ትርታ የደሙን ኦክሲጅን እንደሚናገር ገባቸው፤ ይህ በ1974 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። በ2020 ሲያርፉ ዓለም በኮቪድ ተጨንቆ ያችን መሣሪያ ጣቱ ላይ ሰክቶ ነበር፤ ስማቸውን ያወቀ ግን ጥቂት ነው። የሰውነትን ውስጥ በኤክስሬይ የሚያሳየውን ሲቲ ስካንን የሠሩት ሃውንስፊልድ ደግሞ ኢንጂነር ሆነው ሳለ በ1979 ከፊዚክስ ሊቁ ኮርማክ ጋር የሕክምና ኖቤል ተሰጣቸው። እንዲህም ይቻላል ለካ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ትገርሙኛላችሁ። ዋርድ ውስጥ አንድ ሌሊት ሳታድሩ አፑ ያልቃል፣ ሎጎው ይወጣል፣ ፕሮፋይሉ ላይ «የፈጠራ ባለሙያ» ይጻፋል። አንዳንዴ ሽልማት የሚባል ነገር ባይኖር ይሻል ነበር እላለሁ። ውሸቴን ነው። የእኔ ሰርተፊኬት ዛሬም ግድግዳ ላይ ነው፤ አቧራውን የምጠርገው ራሴ ነኝ።

ለጠየቅሽኝ፣ የጓደኛሽ ይቅደም። ኧረ ተዪው፣ ቅደም ተከተሉ ግድ የለም። ብቻ «ይሄ ነገር ሌሊት ላይ አይሠራም» ያለቻችሁ ነርስ ካለች እሷም ትግባ።

ጋሼን ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ዶክተር፣ ያቺ ማሰሪያ ስትታጠብ ትላላ ነበር፤ አስተካከላችኋት?»

አላውቅም ነበር። ከሽልማቱ በኋላ ቢሮ ተሰጥቶኝ፣ ያን ክፍል ከረገጥኩ ዓመታት አልፈዋል።

«አዎ» አልኳቸው።