«ፓራሲቶሎጂ ልግባ ወይስ ሥነ ተዋልዶ ጤና?» ላልሽው

ላብራቶሪ የተመረቅሽው እህታችን፣ ለማስተርስ ፓራሲቶሎጂ (የትላትልና የሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት) ልግባ ወይስ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ በምርምርስ እንጀራ ይበላል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ «አንዱን ያዢና ተገላገይ» ብለውሻል። እኔ ሁለቱ መሃል ብዙ ዓመት ስለሠራሁ አልስማማም።

በእኛ ጊዜ የትሉ ጥናት አራት ኪሎ ነበር፣ የማህፀኑ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። ባዮሎጂዎቹ እንቁላል ይቆጥራሉ፣ ሐኪሞቹ እናቶችን ያያሉ። መሃላቸው ያለው ፒያሳና የቸርችል ቁልቁለት ብቻ ነው፣ በእግር ይኬዳል። ግን ሲሻገረው ያየሁት ሰው ጥቂት ነው።

ለምሳሌ የሽንት ቢልሃርዚያን ውሰጂ፣ ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ ነው። አገራችን ላይ የተስፋፋው የአንጀቱ ነው። የሽንቱ እንደ መካከለኛው አዋሽና ኩርሙክ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ነው ያለው። የትሉ እንቁላል ታዲያ ፊኛ ላይ ብቻ አይቀርም፣ የማህፀን በር ላይም ይቀበራል። ያቆስላል፣ ያደማል፣ አንዳንዷን መካን እስከማድረግ ይደርሳል። ሴትዮዋ ጤና ጣቢያ ስትሄድ «የአባላዘር ነው» ትባልና አንቲባዮቲክ ይዛ ትመለሳለች። እሱ ለትል ምን ይፈይዳል? ቤት ገብታ ደግሞ ከባሏ ጋር ጠብ ነው። ሽንቷ ቢታይ እንኳ እንቁላል ላይገኝ ይችላል። የትሉን መድኃኒት ፕራዚኳንቴልን ብትውጥ ትሉ ይሞታል፣ የቆየው ቁስል ግን ቶሎ አይሽርም። የእኛ ጥናቶች ደግሞ ናሙና የሚወስዱት በአብዛኛው ከተማሪ ልጆች ነው። ትምህርት ቤት ሰው በአንድ ቦታ ይገኛላ! እናቲቱ ቁጥሩ ውስጥ የለችም። ይህን አንስቼ ፕሮፖዛል ሳቀርብ አንድ አለቃዬ «የሴቶችን ነገር ለሴቶች ጉዳይ ተይው» ብሎኛል።

ማይክሮስኮፑን ግን አትናቂ። ሰገራ ውስጥ የትል እንቁላል የሚቆጠርበትን ካቶ ካትዝ ሠርተሽ ታውቂያለሽ። 41.7 ሚሊግራም ሰገራ፣ ግሊሰሪን ውስጥ የተነከረ ሴሎፎን፣ በአንድ ግራም ስንት እንደሆነ ለማወቅ የቆጠርሽውን በ24 ታበዣለሽ። ችግሩ ግሊሰሪኑ ላይ ነው። የሁክዎርምን (ደም የሚመጠው የአንጀት ትል) እንቁላል ያጠራውና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ካላየሽው ይጠፋብሻል። የቢልሃርዚያው ግን ለወራት ይቆያል። ስላይዱን በካርቶን ጭነው አዲስ አበባ አምጥተው የሚያነቡ አሉ። ቢልሃርዚያውን ያገኛሉ፣ ሁክዎርም ግን «የለም» ይላሉ። ነፍሰ ጡሯን ደም እያሳነሰ የሚያንገላታት ደግሞ ሁክዎርሙ ነው። ስለዚህ ማይክሮስኮፕሽን ይዘሽ ውረጂ፣ እዚያው አንብቢ።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ሁላችንም ተምረናል። በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከወራጁ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረተ፣ በ1989 ደግሞ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለ። ብዙ ሰው የማያነሳው፣ ያው እንዶድ በ1970ዎቹ የወንድ ዘርን ይገድል እንደሆነ ለእርግዝና መከላከያነት መጠናቱን ነው። በየሰፈሩ ለማስወረድ ሲጠጡት የተጎዱ ሴቶችም ነበሩ። አንድ ተክል ሁለቱን ሙያሽን ከያዘ አንቺ ምን ያስመርጥሻል?

እንጀራውን በተመለከተ፣ ሀብታም አትሆኚም። ፕሮጀክት ሲኖር አበል አለ፣ ሲያልቅ ደሞዝ ብቻ። የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጎተታል፣ ሪኤጀንት ጉምሩክ ላይ ይቀመጣል። ይለመዳል፤ ለቤት ኪራዩ ግን ማስተማርን ጨምሪበት።

ለማስተርሱ ፓራሲቶሎጂ ግቢ። ዓይን ማሠልጠን ጊዜ ይወስዳል፣ ሌላውን በኋላ ትደርሽበታለሽ። የመመረቂያ ጥናትሽን ግን የእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ አድርጊው። አንድ አማካሪ ከባዮሎጂ፣ አንዷን ከማህፀን ሐኪሞች ያዢ። ሐኪሟን ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ጀምረሽ አስገቢያት፣ ዘግይተሽ ከጠራሻት ለስሟ ብቻ ነው የምትመጣው። የሽንት ናሙና ካለሽ እንቁላል በብዛት የሚወጣው ከጠዋቱ 4 እስከ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። እናቶቹ ደግሞ በማለዳ መጥተው ቶሎ መሄድ ነው የሚፈልጉት። ከክፍሉ ነርስ ጋር ቀድመሽ ካልተነጋገርሽ ባዶ ጠርሙስ ታቅፈሽ ትቀሪያለሽ።